አነስተኛው ማን ነው? ሸርጣኑ ወይስ ጠጉሩ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ አጭር ማንበቢያ ሳዘጋጅ «አነስተኛ ጠጉር ያለው የባሕር ሸርጣን ዝርያ» ብዬ ጀመርኩ። አማርኛ የሚያስተምረው ባልደረባዬ «ይኼማ ራሰ በራ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሸርጣን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? ደግሞስ «ጠጉራም» ነው «ጠጉራማ»?

መልስ፦ መምህር፣ ባልደረባዎ እውነቱን ነው። «አነስተኛ» ያለው ጠጉሩን ነው። ቅጽል አጠገቡ ያገኘውን ስም ይዞ ይቀራል፣ እርስዎ ልብዎ ሸርጣኑ ላይ ቢሆንም።

«ትንሽ ጠጉራም ሸርጣን» ብለው ለማምለጥ ቢሞክሩም አይሆንም። «ትንሽ ልጅ» ስንል መጠን ነው፣ «ትንሽ ደከመኝ» ስንል ግን ድካሙ መጠነኛ ነው ማለታችን ነው፤ ስለዚህ አንባቢዎ መጠነ ትንሽ ሸርጣን ይሁን ጠጉሩ መለስ ያለ ሸርጣን አያውቅም። «ትንሽዬ» ይበሉ። «ትንሽዬ ደከመኝ» የሚል ሰው የለም፣ ቃሉ ለመጠን ብቻ ነው። ወይም ቦታውን ይቀይሩት፦ «ጠጉራም ትንሽ ሸርጣን»።

የሚገርመው፣ የሳይንስ ስሙ ያው እርስዎን ያሳቀብዎት ትርጉም ነው ያለው። የሚጽፉት በአውሮፓ ጠረፍ ድንጋይ ሥር ስለሚገኘው ፒሉምነስ ሂርቴለስ ከሆነ (ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው)፣ የስዊድኑ የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ በ1761 እ.ኤ.አ. «ሂርቴለስ» ሲለው በላቲን «ጠጉራም ቢጤ» ማለቱ ነው። ያሳነሰው ጠጉራምነቱን እንጂ እንስሳውን አይደለም። የቀይ ባሕሩ ዘመዱ ፒሉምነስ ቬስፐርቲሊዮ ደግሞ ስሙ «የሌሊት ወፍ» ነው፤ እሱ ጠጉሩ እጅግ የበዛ ነው።

«ጠጉራም» ወይስ «ጠጉራማ» ላሉት፣ ባለቤቱን ሲጠሩ «-ኣም» ይሻላል፦ ሆዳም፣ ጥርሳም፣ ቀንዳም። «-ኣማ» ለመልክና ለቦታ ይቀናዋል፦ ደመናማ፣ ድንጋያማ፣ ወርቃማ። ሸርጣኑ ጠጉራም፣ ጀርባው ጠጉራማ ቢሉ ማንም አይከስዎትም። «ፀጉር» ካልሆነ የሚልዎትን አይስሙት። ጦምና ጠሎት በሚባልበት በጎጃም «ጠጉር» ብሎ መጻፍ ምን ነውር አለው?

«የባሕር» ያሉት ግን ያሳስበኛል። እኛ ዘንድ ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ባሕር ዳርም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው። ተማሪዎ በዓባይና በገባሮቹ የሚያውቀው ሸርጣን ወገኑ ፖታሞናውቴስ ነው፣ ጨው በሌለው ውኃ የሚኖር። «የጨው ባሕር» ይበሉና ይገላገሉ።

«ዝርያ»ንም አያባክኑት። በየመንደሩ ላሙም ዶሮውም ስንዴውም «ዝርያ» ነው፤ በባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ግን ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚወርድ ደረጃ አለው፦ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ከዚያ ዝርያ። ፒሉምነስ ወገን ነው፣ ሂርቴለስ የተጨመረበት ሲሆን ነው ዝርያ የሚሆነው። «ጠጉራም የሸርጣን ዝርያ» ካሉ አንድ ብቻ ያለ ያስመስላል፣ ጠጉራሞቹ ግን ብዙ ናቸው። እንዲያውም ሁሉም እውነተኛ ሸርጣን አይደለም። በዚያው በአውሮፓ ጠረፍ ፖርሴላና ፕላቲኬሌስ የሚባል ጠፍጣፋ ጠጉራም አለ፣ ላየው ሰው ያው ሸርጣን ነው። እግሩን ይቁጠሩ። ከመቆንጠጫዎቹ ኋላ እውነተኛው ሸርጣን 4 ጥንድ መራመጃ አለው፤ በዚህኛው 3 ጥንድ ብቻ ነው ጎልቶ የሚታየው፣ የመጨረሻው ቀጭን ሆኖ ታጥፎ ተደብቋል። ረጃጅም አንቴናዎችም አሉት። ዝምድናው የቀንድ አውጣ ባዶ ቅርፊት ውስጥ ገብተው ከሚኖሩት ጋር ነው። ፒሉምነስ ደግሞ ሁለቱ መቆንጠጫዎቹ አይተካከሉም፣ ትልቁ በውጭ በኩል ልሙጥ ሲሆን ትንሹ ሻካራና ጠጉራም ነው። ይቺን ነገር በማንበቢያዎ ላይ ቢጨምሯት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ ነገር በአንስታይ መጥራት ይቀናናል፣ «ይቺን ደብተር አቀብለኝ» እንደምንለው። ስለዚህ «ትንሿ ጠጉራም ሸርጣን» ማለት ያምርዎት ይሆናል። ለጨዋታ ግሩም ነው። ማንበቢያዎ ላይ ግን ተማሪው ሴቷን ይመስለዋል፣ የሸርጣን ጾታ ደግሞ ገልብጠው ነው የሚያውቁት፦ ከሆዱ ሥር የታጠፈው ክዳን ሰፊና ክብ ከሆነ ሴት፣ ጠባብና ሹል ከሆነ ወንድ። ገልብጠው ካላዩ «ትንሹ» ይበሉት።