የተሰበረውን ድልድይ አይጣሉት

እህቴ፣ «የ8ኛ ክፍል ልጄ ከአይስክሬም እንጨት የሠራው ድልድይ 7 ሊትር ውኃ ሲንጠለጠልበት ተሰበረ፤ ልጁም አዘነ። ለውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ ለአናጺ ከፍዬ ጠንካራ ላሠራለት?» ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ አያሠሩለት። አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ ሳስተምር ለዘጠኝ ዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር ድልድይ ስሠራና ስሰብር ቆይቻለሁ። ልጅዎ ለቀጣዩ ድልድይ የሚያስፈልገው መልስ ያለው እዚያው ስብርባሪ ውስጥ ነው። ጥላችሁት ከሆነ ዛሬውኑ ከቆሻሻው አውጡት።

ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ መጀመሪያ የለቀቀው የቱ እንደሆነ ፈልጉ። እንጨቱ ሳይጎዳ መጋጠሚያው ብቻ ከተላቀቀ ጥፋቱ የኮላው ነው። የተማሪዎቼ የመጀመሪያ ድልድዮች አብዛኞቹ የወደቁት በዚህ ነበር፤ ማታ አጣብቀው ጠዋት ይጭኑበታል። በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። የታችኛው እንጨት ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ የመሳብ ኃይል አሸንፎታል፤ እዚያ ላይ አንድ እንጨት ይደርብበት።

ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛውን ነው፤ ጭነቱ ከሁለት ጫፉ የሚገፋው የላይኛው እንጨት ወደ ጎን ጎብጦ ሲሰበር። ከኩሽና አንድ ደረቅ ፓስታ ያምጡ። አቁመው አናቱን በጣት ሲጫኑት ወዲያው ይጎብጣል። ለሁለት ሰብረው ግማሹን ይጫኑት፤ ጣትዎን ይወጋዎታል እንጂ በቀላሉ አይጎብጥም። የሒሳብ ሊቁ ሌዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በስሌት እንዳሳየው፣ ከጫፍና ከጫፍ የሚገፋ ቀጭን ዘንግ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱ እንጨት ማብዛት አይደለም፤ የግራና የቀኙን የላይኛ እንጨቶች በአግድምና በሰያፍ እያያዙ ድጋፍ የሌለውን ርዝመት ማሳጠር ነው። አንዲት ተማሪዬ ይህ የገባት ዕለት 90 ግራም የሚመዝነው ድልድይዋ 12 ኪሎግራም ተሸከመ። የጓደኛዋ ድልድይ 15 ኪሎግራም ቢችልም ራሱ 300 ግራም ነበር። የእሷ የክብደቱን 133 እጥፍ፣ የእሱ 50 እጥፍ ተሸከመ ማለት ነው። ለእኔ የንድፍ ትምህርት የሚጀምረው ይህ ማካፈል ሲሠራ ነው።

የሰያፉን ጥቅም በእጁ ይይ። አራት እንጨት በጫፎቻቸው በአንድ በአንድ ሚስማር አያይዞ አራት ማዕዘን ይሥራ፤ ሲገፋው ይዘማል። አንድ ሰያፍ ሲጨምርበት ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንና እምቢ ይላል። ከዚያ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በእግር ይዘውት ይውረዱ። የግንባታ ክሬኖችን ክንድ ያሳዩት፤ ቆርቆሮ ያልለበሰ ቤት ካገኛችሁም ጣሪያውን የሚሸከመውን ማዕቀፍ፣ ካፕሪያታውን። ሜክሲኮ ስትደርሱ የቀላል ባቡሩን ድልድይ ከሥሩ ቆማችሁ እዩ። እዚያ ሦስት ማዕዘን አይታይም፤ ኮንክሪቱ መገፋቱን፣ ውስጡ የተቀበረው ብረት ደግሞ መሳቡን ይሸከማሉ። ልዩነቱን ራሱ እስኪጠይቅዎ ይታገሡ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሁለተኛውን ድልድይ ከመጫኑ በፊት የት ቦታና በስንት ኪሎግራም እንደሚሰበር ገምቶ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ውኃውን በግማሽ በግማሽ ሊትር ይጨምር፤ እርስዎ ከጎን ሆነው በስልክ ይቅረጹት። ግምቱ ሲስት ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ያሳለፍኳቸው ምርጥ ሰዓቶች እነዚያ ነበሩ።

ሦስት ሳምንት ለሦስት ድልድይ ይበቃል፤ ሁለቱን ቤት ይስበር፣ ሦስተኛውን ለውድድሩ ይውሰድ። ባልዲው ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፣ የማንም እግር እዚያ አይሁን።