በረዶ ለምን ይንሳፈፋል? መድኃኒትስ ለምን ክሪስታሉን ይቀይራል?

ስለ ሃይድሮጅን ቦንድ (የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን እንደ ኦክስጅን ባለ የሌላ ሞለኪውል አቶም ሲሳብ ስለሚፈጠረው መያያዣ) የደረሱኝ ጥያቄዎች በዛ ስላሉ ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«መምህራችን የሃይድሮጅን ቦንድ ደካማ ነው ይሉናል። ታዲያ እንዴት ክሪስታል ይሠራበታል?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መምህርህ አልተሳሳቱም። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን ያያዘውን ቦንድ ለመበጠስ በሞል 460 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ በሁለት የውሃ ሞለኪውሎች መካከል ላለው የሃይድሮጅን ቦንድ ግን 20 ገደማ ይበቃል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ልገላገልህ እችል ነበር፤ ለእኔ ግን ከብዛቱ ይልቅ አቅጣጫው ይበልጣል። ሃይድሮጅኑ በሚያገናኛቸው ሁለት አቶሞች መሃል ቀጥ ብሎ ሲሰለፍ ቦንዱ ይጠነክራል። ስለዚህ ኬሚስቱ በክሪስታል ውስጥ፣ ማለትም ሞለኪውሎች በሥርዓት በተደረደሩበት ጠጣር ውስጥ፣ ሞለኪውሎቹ በየት በኩል እንደሚያያዙ አስቀድሞ መገመት ይችላል። ካርቦክሲሊክ አሲዶች (COOH የሚባል የአቶሞች ቡድን ያላቸው) ለምሳሌ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ተጣምረው በሁለት የሃይድሮጅን ቦንድ ይያያዛሉ፤ አስፒሪንም እንዲሁ ነው። ህንዳዊው ኬሚስት ጋውታም ዴሲራጁ በ1995 እንዲህ ያሉትን ተደጋጋሚ አያያዞች «ሱፕራሞለኪውላር ሲንቶን» አሏቸው።

«የበረዶ መንሳፈፍ ከዚህ ጋር ይገናኛል?»

እንዴታ! በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት ጎረቤቶቹን ይዞ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ባለ ስድስት ጎን ቀፎ ይሠራል። ውሃው ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ የሚሰፋው፣ በረዶውም ከውሃው ቀልሎ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁት የፈነዳው ጠርሙስም ምስክር ነው።

«አንድ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ክሪስታል ሊኖረው ይችላል?» (ፋርማሲስት)

ይችላል፤ መዘዙም ከባድ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ሪቶናቪር በ1996 ገበያ ሲወጣ የሚታወቀው አንድ ክሪስታል ብቻ ነበር። በ1998 ሌላ ብቅ አለ። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ ግን የማይመቸውን ቅርጽ ይዞ የተሻሉ የሃይድሮጅን ቦንዶች አገኘ። አዲሱ ክሪስታል ይበልጥ የተረጋጋ በመሆኑ በቀላሉ አይሟሟም፤ ካፕሱሉም ከገበያ ወጣ። ከሁሉ የሚገርመኝ መዛመቱ ነው። ልክ እንደ እርሾ፣ ትንሽ ብናኝ ከገባ የቀረውን ወደ ራሱ ይለውጠዋል። ሕመምተኞቹ መድኃኒቱ እንደገና እስኪቀመም ድረስ በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀውን ሲወስዱ ቆዩ።

«ሁለት ነገሮችን ሆን ብሎ በአንድ ክሪስታል ማዋሃድስ?»

ኮክሪስታል ይባላል። ንጹሕ ካፌይን እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ውሃ ስቦ ክሪስታሉ ይለወጣል፤ ከኦክሳሊክ አሲድ ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ ሲያያዝ ግን እርጥበቱን ይቋቋማል። ኦክሳሊክ አሲድ መርዛማ ስለሆነ ጀበናችሁ ላይ እንዳትሞክሩት።