የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለደረቅ ዝንብ የትኛው ስፔይ ገመድ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከወሎ የደረሱኝ ሦስት ጥያቄዎች ስለ አንድ ጉዳይ ስለሆኑ አብሬ ላንሳቸው። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ስፔይ የሚባለው የዓሣ ማጥመጃ ገመድ አወራወር ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዱ ስፔይ ወንዝ ነው። ከኋላ ዛፍ ወይም ገደል ሲኖር፣ ገመዱን ወደ ኋላ ሳይዘረጉ ውሃውን ተደግፎ ወደ ፊት መላክ ነው። ደረቅ ዝንብ ደግሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ከውጭ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ 11 ጫማ የሆነ ዘንግ ላከልኝ። ቁጥር 3 ይላል። ባሌ ሄጄ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ላጠምድበት አስቤያለሁ። ገመድ ግን የለውም። አንዱ ስካጂት ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ስካንዲ። የቱ ይሻለኛል?» (ከኮምቦልቻ)

ስካንዲ ግዛ ወንድሜ። ስካጂት አጭርና ከባድ ገመድ ነው። የተሠራው ሰማጭ ጫፍና ውሃ የጠጣ ትልቅ ዝንብ ከታች ጎትቶ ለማውጣት ነው። ፊቱ ወፍራም ስለሆነ ሲያርፍ ውሃውን ይመታዋል። ትራውት ደግሞ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ በጣም ደንጋጣ ነው፤ ገመድ አናቱ ላይ ከወደቀ ድንጋይ ሥር ይገባና ለረጅም ጊዜ አይወጣም። የስካንዲ ክብደት ወደ አንተ በኩል ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቅና ዝንቧ ቀስ ብላ ታርፋለች። ሙሉ በሙሉ ተንሳፋፊ የሆነውን ምረጥ።

አሁን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥልበት ቦታ ላይ ደረስን። ቁጥር 3 የሚለውን (ዘንጉ የሚሸከመው የገመድ ክብደት ደረጃ ነው) አይተህ ቁጥር 3 የአንድ እጅ ገመድ እንዳትገዛ! የአንድ እጅ ቁጥር 3 ገመድ የመጀመሪያው 30 ጫማ 100 ግሬን (ግሬን የገመድ ክብደት መለኪያ ነው) ብቻ ይመዝናል፤ ያንተ ዘንግ ግን ብዙ ጊዜ ከ240 እስከ 300 ግሬን ይፈልጋል፣ ማለትም ከ16 እስከ 19 ግራም ገደማ። ቀላል ገመድ ከጫንክበት ዘንጉ አይታጠፍም፣ ካልታጠፈ ደግሞ ምንም አይወረውርም፣ አንተም ጥፋቱ የእጅህ ይመስልህና ትደክማለህ። ዘንጉ ላይ ከመያዣው ከፍ ብሎ የግሬን ቁጥር የተጻፈ ካለ እሱን እመን። ከሌለ ወንድምህ የሠሪውን ሰንጠረዥ ያይልህ።

ከገመዱ ጫፍ የሚታሰረው ስስ ናይለን (ሊደር ይሉታል) ከ12 እስከ 15 ጫማ ይሁን፤ መጨረሻው 0.15 ወይም 0.18 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርህ። ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ትራውት ያለው እንደ ዌብ ሰፋ ባለ፣ እንደ ዳንካ ደግሞ ጠበብ ባለ ወንዝ ውስጥ ነው። ጠባቡ ላይ 11 ጫማ ዘንግ ይበዛብሃል። ዘጠኝ ጫማ የአንድ እጅ ዘንግ ካለህ ይዘህ ሂድ፤ ስፔይ አወራወር በእሱም ይሠራል። ዲንሾ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ፈቃድ ጠይቅ።

«ሳር ሜዳ ላይ እለማመዳለሁ። ገመዱ አልታዘዝ አለኝ፣ አንዳንዴም ከኋላዬ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ምን አጠፋሁ?» (ከደሴ)

አብሽሪ እህቴ፣ ያጠፋሽው የለም፤ ሳሩ ነው። ስፔይ የሚሠራው ውሃ ገመዱን ጫፉ ላይ ይዞ ስለሚያስቀርልሽ ነው። ይህን መያዣ መልሕቅ በይው። ሳር አይይዝም። የጅራፍ ድምፁም ከዚያ የመጣ ነው፤ መልሕቁ ሲለቅ ገመዱ በሙሉ ወደ ኋላ ይበርና እንደ ቡሄ ጅራፍ ጧ ይላል። ውሃ ላይም ጧ ካለብሽ በጣም ቸኩለሻል ማለት ነው።

ሐይቅ ከተማ ቅርብሽ ነው፣ በጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ሎጎ ሐይቅ ዳር ውረጂ። መረብ ከተዘረጋበት ራቂ። በመንጠቆው ፈንታ ቀይ የሱፍ ክር እሰሪ፤ መንጠቆ ጆሮ ላይ ሲሰካ አይቻለሁ፣ ቀልድ አይደለም። ቆሞ የሚተኛ ውሃ ገመድ ስለማይዘረጋልሽ መጀመሪያ አንዴ ወደ ፊት አንከባልለሽ ቀጥ አድርጊው። የዘንጉን ጫፍ ውሃው ላይ ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ። ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ወደ ጎን ጥረጊ፣ ቀይዋ ክር ከጎንሽ አንድ ዘንግ ያህል ርቃ ጠብ ስትል እያት። በዚያች ቅጽበት ከኋላሽ ያለው ገመድ ሆዱን ነፍቶ እንደ ቀስት ይንጠለጠላል። ያ ሆድ ልትልኪበት ካሰብሽው አቅጣጫ ትክክለኛ ተቃራኒ መሆን አለበት። አሁን ወደ ፊት ላኪውና ዘንጉን ከፍ እንዳለ አቁሚው። ሥራው የታችኛው እጅ ነው፤ ወደ ሆድሽ ሳቢው። የላይኛው እጅ ሲገፋ ነው ሁሉም የሚበላሸው፣ እኔም ለመተው ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ስለ ንፋስ አንዲት ሕግ ብቻ ያዢ፦ መልሕቁ ሁልጊዜ ንፋሱ በሚሄድበት ጎንሽ ይረፍ። ከቀኝ ቢነፍስ በግራሽ፣ ከግራ ቢነፍስ በቀኝሽ። አለዚያ ንፋሱ ዝንቡን ፊትሽ ላይ ይዞት ይመጣል።

«ደረቅ ዝንቤ ሁለት ሦስቴ ከወረወርኩት በኋላ ይሰምጣል። ገመዱ ነው ችግሩ?» (ከሐይቅ)

ገመዱ ሳይሆን አወራወሩ ነው። በተለመደው ዝንብ ውርወራ ዝንቡን አየር ላይ ወዲያ ወዲህ እያልክ ታደርቀዋለህ፤ ስፔይ ላይ ግን በየውርወራው ውሃ ይነካል። ስለዚህ ገመዱን ለረጅም ጊዜ ውሃ ላይ ከሚያስተኛው ደብል ስፔይ ይልቅ ነካ አድርጎ የሚነሳውን ሲንግል ስፔይ ተጠቀም። ከፎም የተሠራ ዝንብ ውሃ አይጠጣም። ሌላውን በጨርቅ ጨምቀህ ማንሳፈፊያ ቅባት ቀባው። ሊደርህንም እየው፦ ፍሎሮካርቦን (ከናይለን የሚከብድ የክር ዓይነት) ከሆነ ይሰምጣል፣ ዝንቡንም ይዞት ይወርዳል። ተራ ናይለን አድርግበት።