ነዳጅ ስሰጣት የምታመነታዋ ሞተር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለች ባለ 125 ሲሲ ቱ ስትሮክ ሞቶክሮስ ገዝቻለሁ። ስትነሳ አታስቸግርም፣ ሚኒሞዋም ደህና ነው። ችግሩ ነዳጅ በደንብ ልስጣት ስል ነው፤ ትንተባተባለች፣ ቆይታ ደግሞ ከብዷት ከብዷት ትሄዳለች። በተለይ ቁልቁለት ወርጄ ሜዳ ላይ ስከፍታት ጭስ በጭስ ትሆናለች። ካንዴላ ቀየርኩላት፣ ለጥቂት ጊዜ ተሻላትና ተመልሶ ያው ሆነ። የቤንዚንና የዘይት ቅልቅሌ 32 ለ 1 ነው። ጓደኛዬ «ዘይት በዝቶብህ ነው፣ 60 ለ 1 አድርገው፤ ካርቡሬተሩም ላይ አነስ ያለ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ግጠም» ይለኛል። ልስማው? ምንም የሚያንጠባጥብ ነገር የላትም። የማርሽ ዘይቷ ብቻ ስለሚጎድል አልፎ አልፎ እጨምርላታለሁ።
ልቤ የደከመ

መልስ፦ አትስማው። ስለ ጄትና ስለ ቅልቅል ጠይቀኸኛል፤ ዋናዋን ነገር ግን ደብዳቤህ ጫፍ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሃታል። የማርሽ ዘይት ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብ አይልም። ታዲያ የት ይሄዳል? ሞተሩ እየጠጣው ነው።

ቱ ስትሮክ ላይ አየሩና ቤንዚኑ ሲሊንደር ከመድረሱ በፊት ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በሚዞርበት ክፍል ያልፋል። ፒስተኑ ሲወጣ ያ ክፍል ይስባል፣ ሲወርድ ይገፋል። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ትንፋሽ ማስገባት የለበትም። ይህን የሚጠብቁት ከክራንኩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ፓራኦሊዮዎች (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) ናቸው። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲያረጅ አየር ያስገባል፤ ለአየሩ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ የነዳጅ እጀታውን ብትለቅም ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ቶሎ አይወርድም፣ ችላ ካልከው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። በፍሪሲዮኑ በኩል ካለው ጀርባ ያለው ግን የማርሽ ዘይት ነው። ያረጀ እንደሆነ የሚሳበው እሱ ነው። ነዳጅ ዘግተህ በማርሽ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ ስቡ ይበረታል፤ ዘይቱ ይጠራቀምና ሜዳ ላይ ስትከፍታት አንድ ላይ ይነዳል። ያየኸው ጭስ ይኸው ነው። ካንዴላ ስትቀይር ተሽሏት የተመለሰባትም አዲሱ ካንዴላ በዘይት እስኪነከር ድረስ ስለሠራ ነው።

ግን ቃሌን ብቻ ይዘህ ሞተር አትፍታ፣ አረጋግጥ። ካንዴላውን አውጥተህ ብርሃን ላይ እየው። ነዳጅ ብቻ በዝቶ ቢሆን ጥቁሩ ደረቅ ጥላሸት ነው፣ በጣትህ ስትጠርገው ይለቃል። የማርሽ ዘይት ሲሆን ግን እርጥብ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ጥርሱ ድረስ ወርዶ ያጣብቃል፣ ሽታውም ከቅልቅሉ ዘይት ይለያል፣ ከባድ ነው። ቀጥሎ ማርሽ ቤቱ የሚተነፍስባትን ቀጭን ቱቦ ፈልግና ሞተሩ እየሠራ ጫፏን ብቻ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አስነካት፤ ጠልቃ ከገባች ውሃ ልትስብ ትችላለች። መጀመሪያ ሞተሩ ሲሞቅ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አይግረምህ። ሳያቋርጥ የሚንተከተክ ከሆነ ግን የክራንኩ ግፊት ወደ ማርሽ ቤት እየሾለከ ነው። እርግጡን የሚነግርህ የግፊት ፍተሻ ነው፦ መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ደፍነህ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር አካባቢ ትሞላና የፓምፑ ግፊት መለኪያ መርፌ መውረድ አለመውረዱን ታያለህ። ከዚያ በላይ አትጫን፣ ደህናውን ፓራኦሊዮ ታበላሸዋለህ።

ወደ ጓደኛህ ምክር ስንመለስ፣ ጭሱ ከቅልቅሉ የመጣ ስላልሆነ ቅልቅሉ ላይ ዘይት መቀነስ ኩሽኔታዎቹን ቅባት ማሳጣት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዘይት ሲቀንስ በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ይጨምራል፤ ስለዚህ ለአየሩ ቤንዚኑ ይበዛል እንጂ አያንስም። ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያውቀው። ጄት ማሳነሱ ከዚህም ይከፋል፤ ፓራኦሊዮው በተቀየረ ማግስት ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይቃጠላል።

በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ፓራኦሊዮ የፍሪሲዮኑ ክዳንና የክራንኩ ጥርስ ወጥተው ከውጭ ይቀየራል፤ በአንዳንዶቹ ሞተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። መመሪያውን ሳታይ በካቻቢቴ መፈልቀቅ እንዳትጀምር፤ መቀመጫው አንዴ ከተጫረ አዲሱም ያሳልፋል። ከመግጠምህ በፊት የክራንኩን ጫፍ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፤ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ይበላብሃል። ከተከፈተ አይቀር የጭስ መውጫው ላይ ያለውን ቫልቭ፣ ካላት፣ አውጥተህ እጠበው፤ የተቃጠለ የማርሽ ዘይት ጥቀርሻ ያጣብቀዋል። ተዘግቶ ከቀረ በዝቅተኛ ዙር ደህና ስባ በከፍተኛ ዙር ትታነቃለች፤ ተከፍቶ ከቀረ በዝቅተኛ ዙር ሞታ በከፍተኛ ዙር ትነቃለች። የማርሚታው ማፈኛ ጥጥም ዘይት ጠጥቶ ይሆናል፣ ቀይረው።

የማርሽ ዘይታችሁ ሳይጎድል ሞተራችሁ የከበደባችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ የከበደው ምን እንደሆነ ለዩ። ሞተሩ እየጮኸ እሷ ካልሄደች ፍሪሲዮን ነው። ጎማው ተነስቶ በእጅ ሲዞር የሚከብድ ከሆነ ፍሬን ወይም የተወጠረ ካቴና ነው። ሞተሩ ራሱ ሽቅብ አልል ካለ ፊልትሮውን እጠቡ፣ ማርሚታው እንዳልተደፈነ እዩ፣ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያሉት ስስ የአየር ምላሶች ጫፋቸው እንዳልተሰበረና ክፍተት እንዳልፈጠረ ተመልከቱ፣ ኮምፕሬሽን ለኩ። ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን ነው ካርቡሬተር የሚነካው። ያኔም የነዳጅ እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሩቡን፣ ግማሹንና ሦስት አራተኛውን አስምሩ። ችግሩ እስከ ሩብ ድረስ ከሆነ ትንሿ ጄትና የአየር ብሎኑ፣ መሃል ላይ ከሆነ የካርቡሬተሩ መርፌ፣ ጥግ ላይ ከሆነ ትልቁ ጄት ነው። በምታመነታበት ቦታ ላይ ይዛችኋት ቾኩን ለአፍታ ሳብ አድርጉት፤ ከተሻላት ነዳጅ አንሷታል፣ ከባሰባት በዝቶባታል።