ማታ እንዴት ነው የምትተኙት?

ልጆቼ፣

ብዙ ዓመት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርቻለሁ። ሱስ የያዘው ወጣት ሲመጣ ስንት እንደሚጠጣ ከመጠየቄ በፊት “ማታ እንዴት ነው የምትተኛው?” እለዋለሁ። ነገሩ የሚገለጠው እዚያ ነው።

ብዙ ጊዜ የምሰማው ታሪክ ይመሳሰላል። ፈተና ይደርሳል፣ ጓደኛ ቅጠል ይዞ ይመጣል፣ ለጥናት ተብሎ ይቃማል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ልብ ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። (ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከአወዳይ የሚወጣው ጫት እንደዚያ በጥድፊያ የሚጓጓዘው ለዚህ ነው።) ምርቃናው አልበርድ ሲል ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፣ ይከተላል። መጀመሪያ ሁለት ቢራ፣ ቆይቶ አራት፣ ኪስ ሲሳሳ ደግሞ አረቄ። ጠዋት ራስ ከብዶ ሲነሡ ለመንቃት እንደገና ቅጠል። በጫት የጀመረ ልጅ የመጠጥ ሱሰኛ ሆኖ እኛ ጋ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

መጠጥ ቶሎ ያደነዝዛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። እንቅልፍ ማጣቱና ጫቱ ሲደራረቡ “ሰዎች ይከታተሉኛል” የሚል፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ወጣት አይቻለሁ። ጉበትና ጨጓራ ደግሞ ቀስ ብለው ይጎዳሉ፤ ሕመሙ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። በየሰፈሩ ግሮሰሪ ግን ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላይም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። ውኃ ስሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞም ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እናቱ “ሲጠጣ እኮ ደህና ነው፣ መንቀጥቀጡ ይተወዋል” አለችኝ። እውነቷን ነው። አደጋውም እሱ ነው። ሰውነቱ አልኮል ለምዷል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ቢተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንዘፈዝፈው፣ ከዚያም ሊያቃዠው ይችላል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ቤት ቆልፎ ማስተው ፍቅር ቢመስልም አደገኛ ነው። ፀበል መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ።

ጫት ብቻ ከሆነ መተዉ እንዲህ ሕይወት ላይ አይደርስም። ድካሙ፣ ድብርቱና ዱካኩ (የሌሊቱ አስፈሪ ቅዠት) ግን ይፈትናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ድብርቱ ከበረታ፣ በተለይ የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ለብቻችሁ አትቀመጡ።

ሕክምና ስትሄዱ ሁሉንም ንገሩን። ቅጠሉን፣ አረቄውን፣ ሺሻውን፣ በድብቅ የሚወሰደውን ትራማዶል የተባለ የሕመም ማስታገሻም ጭምር። አታፍሩ። የመጨረሻውን መጠጥ መቼ እንደጠጣችሁም በሰዓት ንገሩን፤ መድኃኒቱን የምንመጥነው ያንን አይተን ነው።