የተደበቀውን ንግድ ለምትቆጥሩ ልጆች

ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስና የሕብረተሰብ ጤና ለምታጠኑ ሁሉ፤ እንደምን ከረማችሁ?

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ አንዳንዶቻችሁ "አዲስ አበባ ውስጥ ከሚጨሰው ሲጋራ ስንት በመቶው ኮንትሮባንድ ነው?" ትሉኛላችሁ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ግን ቶሎ ብላችሁ ቁጥር አትፈልጉ። ኮንትሮባንዲስት ደረሰኝ አይቆርጥም። ጉምሩክ የሚነግራችሁ የተያዘውን እንጂ ያለፈውን አይደለም። የተያዘው ሲበዛ ንግዱ ጦፎ ነው ወይስ ፍተሻው ጠብቆ? በዚያ ብቻ አይታወቅም።

አጫሾችን ጠይቆ፣ የሚያጨሱትን መጠን ግብር ከተከፈለበት ሽያጭ ጋር ማነጻጸር አንድ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የኮንትሮባንዱ ግምት ይሆናል። ችግሩ ሰው የሚያጨሰውን አሳንሶ ይናገራል። እኛ አገር ደግሞ ሴት አጫሽ በቤተሰቧ ፊት ቃል አይወጣትም። እሷ ዝም ባለች ቁጥር የኮንትሮባንዱ ግምትም አብሮ ያንሳል።

ስለዚህ ቆሻሻ ለማየት አትጠየፉ። ኒውዮርክ ውስጥ ደቡብ ብሮንክስ ላይ የተሠራውን ጥናት ሁሌ አነሳላችኋለሁ። ተመራማሪዎቹ መንገድ ላይ የተጣለ ባዶ ፓኬት ለቀሙ። እያንዳንዱን ገልብጠው ከታች፣ ላስቲኩ ላይ የሚለጠፈውን፣ ግብር መከፈሉን የሚያሳየውን ቴምብር አዩ። የከተማውና የስቴቱ ነው? የቨርጂኒያ ነው? ወይስ ጭራሽ የለውም? እ.ኤ.አ. ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የአንድ ፓኬት ግብር 5.85 ዶላር ነበር፤ ቨርጂኒያ 30 ሳንቲም። መኪና ላለው ሰው ትርፉ ግልጽ ነው። ከተለቀሙት ፓኬቶች 76 በመቶ ያህሉ የከተማውና የስቴቱ ግብር በሙሉ አልተከፈለባቸውም። ይህ ግን የአንድ ድሃ ሰፈር ቁጥር ነው። ለመላው ኒውዮርክ የሚጠቅሰው ሰው ይሳሳታል።

ይህን ዘዴ እንዳለ አንስታችሁ ፒያሳና መርካቶ ብትወስዱት አይሠራም። እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚገዛው በፍሬ ነው። ጀብሎው ፓኬቱን ይከፍታል፣ አንድ አንድ ያወጣል፣ ገዢው ለኩሶ ይሄዳል። ባዶው ፓኬት ሻጩ ጋ ይቀራል። አስፋልት ላይ ብትለቅሙ የምታገኙት ሙሉ ፓኬት የሚገዛው፣ ደህና ኪስ ያለው ሰው የጣለውን ብቻ ነው። ህንድ ውስጥም ሽያጩ በአብዛኛው በፍሬ ስለሆነ፣ አጥኚዎች ባዶውን ፓኬት ከሱቆቹ ሰበሰቡ። ያገኙት ሕገወጥ ድርሻ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከትምባሆ ኢንዱስትሪው ወገን ሲነገር የነበረው ግን ከ20 በመቶ በላይ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ ጥናቱን ማን ከፈለበት በሉ። ኩባንያዎች ኮንትሮባንዱን አግዝፈው ማሳየት የሚፈልጉበት ምክንያት አላቸው፤ "ግብር ከጨመራችሁ ገበያው ለሕገወጡ ይሄዳል" ለማለት ይመቻቸዋል። በእኛ አገር በ1186/2012 አዋጅ ሲጋራ ላይ 30 በመቶ ኤክሳይዝና በፓኬት 8 ብር ተጥሎ ነበር። ግብሩ ከፍ ይበል በተባለ ቁጥር ያው ክርክር መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ማንም ያልገዛው፣ በትክክል የተቆጠረ ቁጥር የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። እናንተ እንድትሆኑ ከልቤ እፈልጋለሁ።

የኮንትሮባንድ ፓኬት መለየትም ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት። በ1112/2011 አዋጅ መሠረት የጤና ማስጠንቀቂያው የፓኬቱን የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶ መሸፈን አለበት። ያንን እዩ፣ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ እዩ፣ የተገዛበትን ዋጋ ጻፉ። ዋጋው ከግብሩ ራሱ ካነሰ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሻጩን በተመለከተ አደራ እላችኋለሁ። ጀብሎ የሚሠራው ልጅ የዕለት ጉርሱን ነው የሚያሳድደው፤ ዕቃውን ድንበር ያሻገረው እሱ አይደለም። ባዶ ፓኬቱን ስትወስዱ የጊዜውን ክፈሉት። ስሙን አትጻፉ፣ ፎቶ አታንሱት፣ የሚቆምበትን ጥግ ካርታ ላይ አታስቀምጡ፤ ወረዳውን መመዝገብ ለጥናታችሁ ይበቃል። ያ ካርታ ደንብ አስከባሪ እጅ ከገባ በማግስቱ የሚወረሰው የእሱ ሳጥን ነው።