በገናው ከበርሜል ውስጥ የሚመጣ ሲመስል

ከደብረ ብርሃን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ አባቴ በገና ይደረድራሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መዝሙራቸውን ቀድቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። የመድረክ ዳይናሚክ ማይክና ሁለት ማይክ ተቀብሎ ድምፁን ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ኢንተርፌስ አለኝ። ሳሎናችን ብሎኬት ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። ስቀዳቸው ከሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ። በገናው ደግሞ በርሜል ውስጥ ሆነው የሚደረድሩት ይመስላል። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ምርጫ አይቻለሁ፤ አንድ ያገለገለ ትልቅ ኮንደንሰር ማይክ፣ ወይም በዚያው ዋጋ ሁለት አዲስ ትናንሽ ኮንደንሰሮች። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ያዘው። ያለብህ ችግር ሁለት ነው። ሽሽሽታውን ማይክ መቀየር ይፈታዋል። የበርሜሉን ድምፅ ግን ማይክ አይፈታውም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ኮንደንሰር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ስስ ማይክ፣ ራቅ ተደርጎ ስለሚቀመጥና ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ስለሚለቅም፣ የክፍሉን ጩኸት ይበልጥ አጉልቶ ያመጣዋል።

ከሽሽሽታው ልጀምር። በገና ቁመቱ ትልቅ ነው፣ ድምፁ ግን ለቅርብ ሰው ነው። ዐሥሩ የበግ አንጀት ክሮች በጣት ይነካሉ፤ አብሮት ያለውም በለሆሳስ የሚዜም መዝሙር ነው። የመድረክ ማይክ የተሠራው ከንፈሩን አስጠግቶ ለሚጮህ ሰው ነው። ለስላሳ ድምፅ ከራቅ ሲመጣበት የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። አንተም ያንን ለማካካስ የኢንተርፌሱን ጌይን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ ማጉያ፣ እስከ ጥግ ታዞረዋለህ። ጌይን ደግሞ በገናውን ብቻ መርጦ አያጎላም። የኢንተርፌሱን የራሱን ሽሽሽታም አብሮ ያነሳዋል።

በቁጥር ላሳይህ። ሹር ኤስኤም57 የሚባለው የታወቀ ዳይናሚክ በአንድ ፓስካል የድምፅ ግፊት 1.6 ሚሊቮልት ገደማ ያወጣል። ሮድ ኤንቲ1-ኤ የሚባለው ትልቅ ኮንደንሰር በዚያው ግፊት 25 ሚሊቮልት ያወጣል። 15 እጥፍ ገደማ ነው፤ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል 24 ይጠጋል። ጌይኑን በዚያው ልክ ዝቅ ስታደርግ የኢንተርፌሱ ሽሽሽታ አብሮ ይወርዳል። ኤስኤም57 መጥፎ ማይክ ነው እያልኩህ አይደለም። ከ1965 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከበሮና የጊታር አምፕሊፋየር ፊት ሲቆም የኖረ ጠንካራ ዕቃ ነው። ማሲንቆም ተጠግተህ ብትቀዳበት አያሳፍርህም። ለበገና ግን ቦታው አይደለም።

ኮንደንሰርም ቢሆን የራሱ ሽሽሽታ አለው። ብዙ ሰው የሚዘለው ቁጥር ይሄ ነው። ከማይኩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ማይኩ ራሱ የሚፈጥረው ድምፅ በዴሲቤል ይጻፋል። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 የሚባለው ኮንደንሰር ላይ 20 ተጽፏል፤ ኤንቲ1-ኤ ላይ 5። ክራር ወይም ከበሮ ብትቀዳ 20ውን ድምፁ ይውጠዋል፤ ልብም አትለው። የበገናው ክር ተነክቶ ንዝረቱ እየሳሳ ሲሄድ፣ አባትህም ለሚቀጥለው ስንኝ ትንፋሽ ሲወስዱ ግን ያ የ15 ዴሲቤል ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በበገና ውስጥ ዝምታው የመዝሙሩ አካል ነው። ያንን ዝምታ በሽሽሽታ መሙላት አባትህን መበደል ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ ያገለገለው ትልቁ ነው፤ በእርግጥ ፈተናውን ካለፈ። ትናንሾቹ ኮንደንሰሮች የድምፅ መቀበያቸው ጠባብ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ሽሽሽታ ይበዛል። ሁለት መሆናቸውም አያጓጓህ። አባትህ የሚያዜሙትና የሚደረድሩት በአንድ ጊዜ ነው። ድምፃቸው ለአንደኛው ማይክ ቀድሞ፣ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። 34 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ሁለቱን ስታደባልቃቸው አንዳንዱ የድምፅ ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ድምፁም ባዶ ይሆናል። ሌላ በርሜል በገንዘብህ ገዛህ ማለት ነው። ዋሽንት፣ ክራርና ማሲንቆ አንድ ላይ የምትቀዳ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ በርሜሉ እንምጣ። ሳሎኑ መሀል ቆመህ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ አጨብጭብ። ከጭብጨባው ኋላ ትርርር የሚል ጭራ ከሰማህ ድምፁ ፊት ለፊት በሚተያዩት ግድግዳዎች መሀል እየተመላለሰ ነው። የተለሰነ ሲሚንቶ ድምፅን እንደ መስታወት ይመልሳል። አባትህ አንዴ የነኩት ክር ማይኩ ጋ ደጋግሞ ይደርሳል።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት እናንተ ዘንድ ሞልቷል። የመንዝ ባና አለ። የበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ነገር ድምፅን ውጦ ያስቀራል። ስቱዲዮዎች ግድግዳ ላይ ከሚለጥፉት ስስ ስፖንጅ እኔ ባናን እመርጣለሁ። ባና ከሌለ ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደርበህ ተጠቀም። ግድግዳው ላይ ግን አትለጥፈው። ገመድ ወጥረህ፣ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀህ ስቀለው። ከኋላው አየር ሲኖር ወፈር ያለውን ድምፅም ይይዛል። አንዱን ከአባትህ ጀርባ፣ ሌላውን በጎናቸው ስቀል። ማይኩ ወደ እሳቸው ስለሚያይ በመጀመሪያ የሚሰማው ከጀርባቸው ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ወለሉ ላይም ምንጣፍ አንጥፍ። ጥግ ላይ እንዳታስቀምጣቸው፤ ወፍራም ድምፅ ጥግ ላይ ይከማቻል። ከዚያ እንደገና አጨብጭብ። ጭራው ሲጠፋ ራስህ ትሰማዋለህ።

የበርሜሉ ሌላው ምክንያት መጠጋት ሊሆን ይችላል። ከአንድ ወገን የሚሰማ ማይክ ስታስጠጋው ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋል። ገበቴው (የበገናው የድምፅ ሣጥን) ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ድረስ ተጠግተህ ከሆነ እብጠቱ ከዚያ ነው። ክሮቹ የሚያርፉበት ብርኩማው አጠገብ ከሆንክ ደግሞ የእንዚራዎቹ ንዝረት ሁሉን ይሸፍንብሃል። እንዚራ ማለት በየክሩና በብርኩማው መሀል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ የበገና ጣዕም የእሱ ሥራ ስለሆነ ልታጠፋው አትሞክር፣ ግን ልኩ ይኑረው። ማይኩን ከመትከልህ በፊት በጆሮህ ፈልግ። አባትህ ሲደረድሩ አንድ ጆሮህን በጣትህ ድፈንና ጭንቅላትህን ወዲያ ወዲህ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅስ። ድምፁና በገናው የተስማሙበት ቦታ ላይ ስትደርስ ማይኩን እዚያ ትከለው። እኔ ብዙ ጊዜ የምጀምረው ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በአፋቸውና በገበቴው መሀል ባለው ከፍታ። ዜማው ከበዛ ዝቅ፣ በገናው ከበዛ ከፍ አድርገው። አምስት ሳንቲ ሜትር እንኳ ብዙ ይለውጣል።

ወደ ሱቁ ስትሄድ የራስህን ኢንተርፌስ፣ ላፕቶፕ፣ ኬብልና ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን ይዘህ ሂድ። ኮንደንሰር 48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም ከኢንተርፌሱ በማይኩ ኬብል የሚላክለት ኤሌክትሪክ፣ ይፈልጋል፤ ኢንተርፌስህ ላይ 48 የሚል ማብሪያ መኖሩን አስቀድመህ እይ። ጋቢም ያዝ። ሱቅ ውስጥ ጸጥታ አይገኝም፣ ያገለገለ ኮንደንሰር ደግሞ ሕመሙ የሚታወቀው በጸጥታ ነው። ማይኩን ከነኬብሉ በጋቢው ሦስት አራት ጊዜ ጠቅልለህ ካርቶን ውስጥ አስገባና አንድ ደቂቃ ቅዳ። ስታዳምጠው ለስለስ ያለ፣ የማይለዋወጥ ሽሽሽታ ከሆነ ጤና ነው። ጥስ ጥስ፣ ቸስ ቸስ እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ እርጥበት ወይም አቧራ ገብቶበታል። በምንም ዋጋ አትውሰደው።

ከዚያ ቁልፎችህን አንድ ሜትር ርቀት ላይ አቃጭላቸው። የቁልፍ ድምፅ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ የማይኩን ነውር ያወጣል። ደህና ማይክ እያንዳንዱን ቁልፍ ለይቶ ያሰማል። ደካማው ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ እንደ አሸዋ ይረጨዋል። ቀጥሎ ሻጩ እያወራ ማይኩን ዙሪያውን ይዙረው። በጎን በኩል ድምፁ መቀነሱ ያለ ነው። ቀለሙ ተለውጦ በአፍንጫ የሚያወራ ከመሰለህ ግን ከክፍሉ የሚመለሰውንም እንደዚያ አበላሽቶ ይቀዳልሃል።

ከአሁኑ ማይክህ ጋር ማወዳደርህም አይቀርም። ሁለቱን ጎን ለጎን አጠጋግተህ በአንድ ጊዜ፣ በሁለት ቻናል ቅዳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን እኩል አድርግ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ጆሯችን ጮክ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል፤ አንድ ሁለት ዴሲቤል ብቻ ቢበልጥ እንኳ። ሻጭ ጌይኑን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማንኛውንም ማይክ ሊያስወድድህ ይችላል። እኩል ካደረግህ በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ጓደኛህ ያሰማህ። ሦስት ጊዜ ያንኑ ከመረጥክ ምርጫው የጆሮህ ነው። በብራንድ ስምም አትመን፤ ፌክ ማይክ ገበያው ውስጥ አለ፣ መያዣው ላይ የተጻፈው ስም አይቀዳልህም።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ጊዜ ጣርማ በር አካባቢ ዋሽንት ልቀዳ ሄድኩ። ጉም ነበር። ኮንደንሰሬ መኪና ውስጥ አድሮ ቀዝቅዟል። ሰው የሞላበት፣ ምድጃ የሚነድበት ቤት ውስጥ አግብቼ ወዲያው ሰካሁት። የቤቱ እንፋሎት ማይኩ ውስጥ ውሃ ሆኖ ተቀመጠ። ጥስ ጥስ ማለት ጀመረ፣ እስከ ቀትርም አልተወኝም። ነፊው ሽማግሌ ጠዋት የነበራቸው ትንፋሽ ከሰዓት አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቀዝቃዛ ማይክ ሞቃት ቤት ሲገባ ከነማቀፊያው ተዘግቶ አንድ ሰዓት ይቆይ። በገናውም እንደዚሁ፤ የአንጀት ክር በብርድና በእርጥበት ቅኝቱ ይሸሻል፣ ክፍሉን ለምዶ ከዚያ ይቃኝ።

ሰዓቱን ደግሞ ሌሊት አድርገው፤ ሰባት ሰዓት ገደማ። ቆርቆሮ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው፣ ማታም ሲቀዘቅዝ ጧ ጧ ይላል። ሌሊቱ ሲገፋ ዝም ይላል። የጎረቤት ሙቀጫም ያርፋል። እሱ በወለሉ አድርጎ በስታንዱ ይወጣብሃል፤ የስታንዱን እግር በተጣጠፈ ጋቢ ላይ አቁመው። የማይኩን ጀርባ ወደ መስኮቱ አዙር፤ በዚያ በኩል ስለማይሰማ የውሻውን ጩኸት ይቀንስልሃል። ፍሪጁን ንቀል፣ የላፕቶፑንም ቻርጀር ንቀል። መሬት በሌለው ሶኬት ላይ ቻርጀሩ እምምም የሚል ድምፅ ያስገባል። ባትሪው ሙሉ ይሁን እንጂ መብራት ቢጠፋም ቀረጻህ አይቋረጥም። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ጌይኑን አስተካክል፤ 24 ቢት በሚባለው የቀረጻ ጥራት ከቀዳህ ይበቃል። ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ማብሪያ ማይኩ ላይ ካለ ሳታዳምጥ አትጫነው። የበገናው ወፍራም ክር አብሮ ሊቆረጥብህ ይችላል።

ሱቅ ከመሄድህ በፊት ግን ይህን ሁሉ ባለህ ማይክ አንድ ሌሊት ሞክረው። ባናውን ስቀል፣ ቦታውን በጆሮህ ፈልግ፣ ለዳይናሚኩ ስትል 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጠጋ በል። በርሜሉ ጠፍቶ ሽሽሽታው ብቻ ከቀረ ያኔ ኮንደንሰሩን በሙሉ ልብ ግዛ። ያንን የመጀመሪያ ሌሊት ቀረጻም እንዳታጠፋው፤ በፍላሽና በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ገልብጠህ አስቀምጠው።